ከፒንተረስት የምናስቀምጠውን የማስተማሪያ ሐሳብ እንዴት እናደራጀው?

መምህርት ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ሰላም መምህራን። 2ኛ ክፍል ሒሳብ ነው የማስተምረው፤ ክፍሉ 60 ተማሪ አለው። ፒንተረስት (ሥዕልና ሐሳብ ፈልገን የምናስቀምጥበት መተግበሪያ) ላይ ጥሩ ነገር ባየሁ ቁጥር ስክሪንሹት አነሳለሁ፤ ዕቅድ ሳወጣ ግን ጋለሪው ውስጥ ፈልጌ አላገኘውም። የተገኘውም ባለቀለም ፕሪንትና ላሚኔሽን የሚፈልግ ነው። እናንተ እንዴት ነው የምትይዙት? የዳታውስ ነገር?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህት ዓለም። መጀመሪያ ስክሪንሹቱን ተይው። ሊንኩን ይዞ አይመጣም፤ አሠራሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ሊንኩ ውስጥ ነው። ፒንተረስት ውስጥ ‹ሒሳብ 2ኛ› የሚል ቦርድ (ማስቀመጫ ማህደር) ክፈቺና በመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፎች ልክ ሴክሽን (ንዑስ ክፍል) አውጪለት። ‹ቆንጆ ሐሳቦች› የሚል ቦርድ እንዳትከፍቺ፤ ሁሉም እዚያ ይታጨቅና ከጋለሪሽ አይሻልም። ዕቅድ የምናወጣው በምዕራፍ ነው፣ ማስቀመጫውም በምዕራፍ ይሁን።

ሴቭ ከማድረግሽ በፊት ሊንኩን ከፍተሽ እዪው። የማይከፈት ከሆነ ወይም ወደ ሽያጭ ገጽ ከወሰደሽ እለፊው። ፒኑ (ያስቀመጥሽው ሥዕል) ላይ ለራስሽ ማስታወሻ የምትጽፊበት ቦታ አለ፤ የመጽሐፉን ገጽ፣ ዕቃውን በምን እንደምትተኪው፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጻፊበት። ማስታወሻ የሌለው ፒን ከሁለት ሳምንት በኋላ ለምን እንደተቀመጠ አይታወቅም።

ፍለጋውን በእንግሊዝኛ አድርጊው፣ በአማርኛ የሚገኘው ጥቂት ነው። ‹ፕሌስ ቫልዩ› (የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት የሚባለው) ካልሽ በኋላ ‹ካርድቦርድ› ወይም ‹ቦትል ካፕስ› ጨምሪበት፤ ያኔ በካርቶንና በቆርኪ የሚሠራው ይመጣልሻል።

የመርጃ መሣሪያ ወዳጅ (ደሴ)፦
ቦርከና ያለው ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ሐሳቡን ወደ ክፍላችን ስለማምጣት ነው። ፒኖቹ ብዙዎቹ ጥቂት ልጅ ላለው ክፍል የታሰቡ ናቸው። አስርና አንድ ቤትን በጭራሮ ለማስተማር 60ውን በአምስት በአምስት ብታደራጂ 12 ቡድን ይሆናል። እስከ 39 ለመሥራት ለአንድ ቡድን 39 እንጨት፣ በጠቅላላው 468 ያስፈልግሻል። በ8 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ፤ ከረዘመ ዴስኩ ላይ ይዘበራረቃል። ፎቶው ላይ አስሩ ታስሮ ታዪዋለሽ፤ አንቺ ግን ታስሮ አትስጪ። ዘጠኙ ላይ አንድ ሲጨመር ልጁ ራሱ ቆጥሮ በላስቲክ ማሰር አለበት። የታሰረውን ከተቀበለ ‹አንድ ትልቅ እንጨት› አድርጎ ያየዋል እንጂ አስር መሆኑ አይገባውም።

ሰዓት ስታስተምሪ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። ፒኖቹ ላይ ቁርስ የሚበላው ልጅ አጠገብ ያለው ሰዓት 7ን ያሳያል፤ የእኛ ልጅ ጠዋቱን የሚያውቀው 1 ሰዓት ብሎ ነው። እንዳለ ፕሪንት ካደረግሽው ግማሹ ክፍል ምሳ ሰዓት አልፏል ይልሻል። ሥዕሉን ውሰጂ፣ አጭሩን ቆጣሪ 1 ላይ አድርገሽ ራስሽ ሣይው።

ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ነገር ፊደሉን ተለቅ አድርገሽ ጻፊው፤ ኋላ የተቀመጠ ልጅም በቀላሉ እንዲያነበው።

ቴሌግራም ይበቃል (ኮምቦልቻ)፦
ዳታን በተመለከተ፦ ፒንተረስትን ዋይፋይ ባለበት ብቻ ክፈቺው። የመረጥሽውን ሥዕል ከነሊንኩ አንቺ ብቻ ወዳለሽበት የቴሌግራም ቻናል ላኪና ሥሩ #ሒሳብ2_ምዕራፍ3 ብለሽ ጻፊ። በመካከል ክፍት ቦታ ከተውሽ ሃሽታጉ ይቆረጣል። በኋላ ሃሽታጉን ስትነኪው የዚያ ምዕራፍ ብቻ ተለይቶ ይመጣል። በሞባይል ዳታ ሚዲያ በራሱ እንዳይወርድ ሴቲንጉ ውስጥ ዝጊው። የተማሪዎችን ፊት የሚያሳይ ፎቶ ግን ክፍት ቦርድ ላይ አታውጪ፤ ሥራቸውን ብቻ አንሺ።

መምህርት ከጦሳ ሥር፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጋለሪውን ክምር ምን ላድርገው?

ቦርከና፦
አሁን የምታስተምሪውን ምዕራፍ ብቻ ለይተሽ አውጪ። ሌላውን ምዕራፉ ሲደርስ ታዪዋለሽ፤ ሁሉን በአንድ ቅዳሜ ልጨርስ ካልሽ መሃል ላይ ትተዪዋለሽ።