ከዱባይ ዴካትሎን ለታዳጊ ቡድን ታኬታና ኳስ ማስመጣት፦ ሶሉና ቁጥሩ እንዴት ይመረጣል?

ጦሳ ስር
አሰላሙ አለይኩም ጀማው። ደሴ ላለ የሰፈር ቡድን (ከ12 እስከ 14 ዓመት) ታኬታና ኳስ ከዱባይ ዴካትሎን (የስፖርት ዕቃ መደብሩ) የሚያመጣልን ሰው ተገኝቷል። ሜዳው አፈርና ጠጠር ነው፣ ክረምት ላይ ይጨቀያል። «ኪፕስታ ፎርጅድ ነው» የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው? ሶሉስ የቱ ይሻላል? ልጆቹ እዚህ ሆነው ቁጥራቸው እንዴት ይታወቃል?

የቦርከና ልጅ
ፎርጅድ አይደለም፣ አብሽር። ኪፕስታ የዴካትሎን የራሱ ስም ነው። ድርጅቱ በ1976 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሊል አጠገብ ሲመሠረት የሌሎችን ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ በኋላ ግን ራሱ ነድፎ ማሠራት ጀመረ። ለኳስ ኪፕስታ፣ ለሩጫ ኪፕረን ይላል። ካለንጂ የሚል የሩጫ ጫማ ካጋጠማችሁ የቀድሞው ስም ነው።

ዋናው ሶሉ ነው። ሳጥኑ ላይ ኤፍጂ የሚለው ለሣር ሜዳ የተሠራ ነው። ጠጠር ላይ ጥርሱ መሬት አይገባም፤ የልጁ ክብደት በሙሉ በጥቂት ጥርሶች ላይ ያርፍና ውስጥ እግሩን ያሳምመዋል፣ ጥርሱም ከሥሩ ይሰነጠቃል። ኤጂ ለሰው ሠራሽ ሣር ነው። ለእናንተ ሜዳ ቲኤፍ ይሻላል፤ አጫጭርና ብዙ የጎማ ጥርስ ስላለው ክብደቱ ይከፋፈላል። ጭቃ ላይ ያንሸራትታል፣ እሱ እውነት ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትጫወቱት በደረቁ ላይ ስለሆነ ለክረምት ብላችሁ ኤፍጂ አትግዙ። ሌላው፣ የፊት ጫፉ በሙጫ ብቻ የተያያዘውን ትታችሁ ዙሪያው የተሰፋውን ምረጡ፤ ጠጠር መጀመሪያ የሚከፍተው እዚያ ነው።

ሸዋበር
ስለ ቁጥሩ፦ «40 ነው የማደርገው» ያለውን ልጅ አትመኑ፣ ለኩት። ወደ ማታ፣ የሚጫወትበትን ካልሲ አድርጎ፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ ወረቀት ላይ ይቁም። ረጅሙ ጣት ጋ ምልክት አድርጉና በሴንቲሜትር ለኩ። ሁለቱንም እግር ለክታችሁ ትልቁን ያዙ። በልኬቱ ላይ 1.5 ደምራችሁ በ1.5 አባዙት፤ 25 ሴንቲ ከሆነ 39.75፣ ማለትም 40 ይመጣል። ይሄ የአውሮፓ ቁጥር ነው፤ የእንግሊዝና የአሜሪካው ሌላ ስለሆነ ለገዢው ስትልኩ የሴንቲሜትሩን ልኬት አብራችሁ ጻፉ። ያድጋል ተብሎ ሁለት ቁጥር የሚጨመር ነገር አለ፤ ያ ተረከዝ ከመላጥና ጥፍር ከማጥቆር ሌላ ጥቅም የለውም። ግማሽ ቁጥር ይበቃል።

የጫማውን ስም ሳይሆን ድረ ገጹ ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር ላኩለት። ስሙ አንድ ሆኖ ሶሉ የሚለያይ ሞልቷል። አንድ ዓይነት ጫማ ሃያ ጥንድ በአንድ ሻንጣ ካመጣ ደግሞ ለንግድ ነው ተብሎ ቀረጥ ሊጠየቅ ይችላል፣ አስቡበት።

ጦሳ ስር
ጀዛኩሙላህ። ኳሱስ ተነፍቶ ይምጣ ወይስ ተንፍሶ?

የቦርከና ልጅ
ተንፍሶ። ለቦታ ብቻ አይደለም። ዱባይ የውጭ አየር ግፊቱ 1 ባር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር ላይ 0.75 አካባቢ። መለኪያው የሚያነበው የኳሱ ግፊት ከውጭው አየር የሚበልጥበትን ስለሆነ፣ እዚያ 0.8 የተነፋ ኳስ እዚህ ምንም ሳይጨመርበት መለኪያው ላይ 1.05 ያነባል። ሕጉ የሚፈቅደው ከ0.6 እስከ 1.1 ነው፣ ጠርዝ ላይ ደረሰ ማለት ነው። የአንዳንዱ ኳስ ልክ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ቫልቩ አጠገብ የተጻፈውን አንብቡ። ከ12 በታች ላሉት 4 ቁጥር፣ ከዚያ በላይ 5 ቁጥር (ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ) ይሁን።

መርፌውን በደረቁ አታስገቡ፤ ቫልቩ የሚቀደደው በዚያ ነው። በግሊሰሪን ወይም በውሃ አርጥቡት። ቫዝሊንና የሞተር ዘይት ጎማ ይበላል።

ሸዋበር
«ኮምቦልቻ ስንወርድ ኳሱ ይላላል» ለሚሉትም፦ በከፍታው ምክንያት የሚቀንሰው 0.06 ባር ገደማ ነው፣ ሙቀቱም ትንሽ ይመልስለታል። በእግር የሚታወቅ መላላት ከሆነ ቫልቩ ላይ ምራቅ አድርጋችሁ እዩ፤ አረፋ ካወጣ የሚያስተነፍሰው እሱ ነው።