ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ልገዛ ነው፤ ሻጩ ያለው አሜሪካ ነው። ምን ምን ላጣራ?

ሰናይት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር አያት በኪራይ እንኖራለን። እናቴ ግን ዕድሜዋን የገፋችው አራት ኪሎ ነው። እድሯም፣ ጽዋ ማኅበሯም፣ የምትስማት አምስት ኪሎ ቅድስት ማርያምም እዚያው ናቸው። ለቅሶ በተሰማ ቁጥር በዚያ ጉልበቷ ታክሲ ስትቀያይር ማየት አላስችል ስላለኝ እዚያው ሰፈር ቤት መፈለግ ጀመርኩ።

አሁን ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ተገኘ፤ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ አሜሪካ ነው። የሚሸጥልኝ የአጎቱ ልጅ ሲሆን ውክልና አለኝ ይላል። ደላላው ደግሞ «ሌላ ገዢ አለ፤ ግማሹን ዛሬ ቀብድ ስጪ፤ ውሉን በምስክር እዚሁ እንጨርስ፤ ውልና ማስረጃ በኋላ ትሄዳላችሁ» እያለ ያጣድፈኛል። ግብሩ እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍም ብለውኛል። ካርታውን ያየሁት በስልክ ፎቶ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ተከራይ አለ። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ «ይሄም ሰፈር ይነሳል» የሚሉ መብዛታቸው ነው። የምታውቁ ምከሩኝ።

ግሩም፦
እህቴ፣ ጠበቃ ነኝ፤ የቤት ሽያጭ ክርክር በየጊዜው እይዛለሁ። ቀብዱን ዛሬ እንዳትሰጪ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት ይላል። እዚህ አዲስ አበባ ያ ማለት ውልና ማስረጃ ነው። በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ኪስሽ ስላለ ቤት ገዛሁ ማለት አትችዪም። ሻጩ ነገ ዋጋ ተወደደ ብሎ ቢክድ ይዘሽ የምትቀርቢው ውል ፈራሽ ነው ሊባል ይችላል። ገንዘቤ ይመለስልኝ ብለሽ ዓመታት ትከራከሪያለሽ፤ እስከዚያ የብሩ አቅም ያው የምናውቀው ነው።

ቀብድ የግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን፤ በባንክ ይተላለፍ፤ «ቀብድ» የሚለው ቃልም በጽሑፍ ይግባ። በሕጋችን ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ግማሽ ዋጋ ግን ለቀብድ በጣም ይበዛል።

ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፉን እምቢ በያቸው። አንደኛ፣ ግብር ማጭበርበር ነው። ሁለተኛ፣ ውሉ ነገ ቢፈርስ ይመለስልኝ ብለሽ በቀላሉ የምታስረጂው የተጻፈውን ብቻ ነው። ደግሞም አይጠቅምሽም፤ ስም ሲዛወር መንግሥት የራሱ የዋጋ ግምት አለው፤ ዝቅ ያለውን የውል ዋጋ አይቀበልሽም። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው። ከዚያ ሌላ የስም ማዛወሪያ የአገልግሎት ክፍያና የካፒታል ዕድገት ግብር (ከሽያጩ በተገኘው ትርፍ ላይ የሚከፈል) አለ። ይሄኛው ግብር በሕግ የሻጩ ነው፤ ብዙ ሻጮች ግን ገዢው ላይ ይጥሉታል። ማን ምን እንደሚከፍል ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ካርታውን በፎቶ አይተሽ አትመኚ። ዋናውን ይዘው ከአንቺ ጋር አራዳ ክፍለ ከተማ ይሂዱ። በካርታውና በማኅደሩ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን፣ የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን፣ የባንክ ዕዳ አለመኖሩን እዚያው አረጋግጪ። ቤቱ በዕጣ የወጣ ከሆነ የንግድ ባንክ ብድሩ ተከፍሎ አልቆ ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ ማረጋገጫ) መውጣቱንም እዪ። በዕጣ የተገኘ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ አይተላለፍም፤ ቤቱ የቆየ ቢሆንም ሻጩ በስሙ የያዘው መቼ እንደሆነ ጠይቂ።

ሒሩት (ሜሪላንድ)፦
ስለ ውክልናው ልጨምርልሽ። እኔም የእናቴን ቤት ስንሸጥ ከዚህ ሆኜ ውክልና ልኬያለሁ። ኤምባሲ ቀርቤ ፈረምኩ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋገጠው፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ገባ። የእሱም ይህን ሁሉ ማኅተም ይዞ መሆኑን ተመልከቺ። ይዘቱንም ቃል በቃል አንብቢው። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና ቤት አያሸጥም። መሸጥ፣ የሽያጩን ገንዘብ መቀበልና ስም ማዛወር ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

ሰውየውንም በቪዲዮ አነጋግሪው። ውክልና የሰጠው ሰው ከሞተ ውክልናው አብሮ ይሞታል። ሊሽረውም ይችላል፤ ስለዚህ አለመሻሩን ውልና ማስረጃ ጠይቂ። ደግ ሰው አይቆጣብሽም።

የግንፍሌዋ፦
እንኳን ወደ ሰፈራችን መጣሽ ልልሽ ቸኩያለሁ። እዚሁ ግቢ ነው የምኖረው፤ እነሱ ስለ ወረቀቱ ነግረውሻል፣ እኔ ስለ ቤቱ።

ሊፍት የለም። እናትሽን አንድ ቀን ይዘሻት ነይና ደረጃውን ትሞክረው። ጉልበቷን ካመማት 3ኛ ፎቅ በየቀኑ ከባድ ነው። እዚሁ አካባቢ ምድር ቤት ወይም 1ኛ ፎቅ ሲሸጥ ይታያል፤ ይወደዳል፣ ቶሎም ይሄዳል፤ ለእሷ ግን ብትታገሺ ይሻላል ባይ ነኝ።

ውኃ በፈረቃ ነው። ቤቱን ስታዪ ቧንቧውን ክፈቺና ሮቶ አለው ወይ፣ ሮቶውስ የራሱ ነው ወይስ የጋራ ብለሽ ጠይቂ። ከላይ ካለው ቤት የሚወርድ ፍሳሽ በመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቢጫ ምልክት ይተዋል፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ካየሽ በደንብ ተጠራጠሪ። ኩሽናውን ለማስፋት ግድግዳ ያፈረሱም አሉ። የሕንፃውን አካል ነክተው ከሆነ ነገ ጠያቂው አንቺን ነው።

የነዋሪዎች ማኅበሩን ኮሚቴም አግኚያቸው። በኮንዶሚኒየም አዋጁ፣ በ370/1995፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው ሁሉ የጋራ ነው፤ መዋጮውም በየቤቱ ነው። ያ ቤት የጥበቃና የጽዳት ውዝፍ እንዳለበት ይነግሩሻል። ኮሚናሉም (የጋራ መገልገያ ቤቱ) እንዴት እንደሚሠራ ጠይቂ፤ ለድግስ፣ ለእርድ፣ ለእንጀራ ጋገራ ያስፈልግሻል፤ ለእናትሽ ማኅበርም ቦታ ነው። የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ደረሰኞችን እስከ መጨረሻው ወር ተቀበዪ። መኪና ካለሽ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጥተሽ ቦታ መኖሩን እዪ፤ ቀን ባዶ ነው፣ ያታልላል።

ዳዊት፦
ደላላው «ሌላ ገዢ አለ» ያላለው ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ኮሚሽኑንም ስም ከመዞሩ በፊት ሙሉውን አትስጪው።
ተከራዩን በተመለከተ፣ በ1320/2016 አዋጅ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ወረዳም ይመዘገባል። የተመዘገበውን ውል ኮፒ ጠይቂ። ቤቱ ባዶ ሆኖ ቁልፍ የምትረከቢበት ቀን በሽያጭ ውሉ ይግባ፤ ከገንዘቡም የተወሰነው ለዚያ ቀን ይቆይ።

አበበች፦
ስለ መፍረሱ የጠየቅሽውን ማንም አላነሳልሽም። እኔ ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ በ2016 ሲፈርስ ነበርኩ። ስለዚህ ፍርሃትሽን አላቃልለውም። አይነሳም ብሎ ዋስ የሚሆንሽ ሰው የለም፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ግን ወሬ ሰምተሽም አትወስኚ። ክፍለ ከተማው የፕላን ክፍል ገብተሽ ቦታው በፕላኑ ምን ተብሎ እንደተያዘ፣ ለመንገድ ወይም ለወንዝ ዳርቻ ልማት የተከለለ መሆኑን ጠይቂ። ሕንፃው ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅም በዓይንሽ እዪ።

አንድ ነገር ግን ካየሁት ልንገርሽ። ልማት ሲመጣ የሚጠሩት በማኅደሩ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው። ካሳም ምትክም የሚሰጠው ለእሱ ነው። ቤት ገዝተው ስም ሳያዛውሩ የቆዩ ጎረቤቶቻችን ሻጩን ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። ከገዛሽ ስሙን ወዲያው አዙሪ።

ሰናይት (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቀብዱን አልሰጠሁም። ደላላው ተቆጥቶ ስልክ ዘጋብኝ፤ በማግስቱ ራሱ መልሶ ደወለ። ውክልናውን አየሁት፤ መሸጥም ገንዘብ መቀበልም አለው፤ ማኅተሞቹም የተሟሉ ናቸው። ክፍለ ከተማም ሄደን እግድ የለበትም ተባልን። ባለቤቱን በቪዲዮ ሳነጋግረው ግን ቤቱን በትዳር ላይ ሳለ እንደገዛውና በኋላ እንደተፋቱ ነገረኝ። የፍቺ ወረቀት አለኝ አለ። ይበቃል?

ግሩም፦
የፍቺ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። በቤተሰብ ሕጉ በትዳር ጊዜ የተገኘ ንብረት፣ ካርታው በአንዳቸው ስም ቢሆንም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ፍቺው ትዳሩን ያፈርሳል እንጂ ቤቱን አይከፍልም። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን የንብረት ክፍፍል ውሳኔ ጠይቂው፤ ቤቱ ለእሱ መድረሱ በግልጽ የተጻፈበትን። ክፍፍል ካልተደረገ የቀድሞ ሚስቱም በውሉ ላይ ትፈርም፤ እሷም ውጭ ከሆነች በተመሳሳይ መንገድ ውክልና ትላክ። ከዚያ በኋላ አግብቶ ከሆነም ይናገር። ያለ ሚስት ፈቃድ የተሸጠ የጋራ ቤት ላይ ሚስት ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፣ ይፍረስልኝ ብላ መክሰስ ትችላለች።

ይህ ተሟልቶ ሲመጣ ሲፒኦ (ባንክ የሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) አሠርተሽ ውልና ማስረጃ ተገናኙ። ሲፒኦውን የምትሰጪው ውሉ ጸድቆ ማኅተም ሲያርፍበት ነው።

የግንፍሌዋ፦
ሰናይት፣ ወረቀቱ እስኪመጣ ጊዜ አለሽ ማለት ነው። ከእኛ ብሎክ አጠገብ አንድ 1ኛ ፎቅ ሊሸጥ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ባለቤቷ እዚሁ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ከእናትሽ ጋር ነዪ፣ ሁለቱንም ታየዋለች።