«ባውንቲ ላንድ ዋራንት» በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤቶች። ስለ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ባውንቲ ላንድ ዋራንት» የሚባል፣ ለወታደሮች ይሰጥ የነበረ ወረቀት ገጠመኝ። መዝገበ ቃላቱ «ዋራንት»ን የእስር ማዘዣ፣ «ባውንቲ»ን ችሮታ ይላል። ታዲያ «የችሮታ መሬት የእስር ማዘዣ» ልበል? «ማደሪያ» ብለውስ?

መልስ፦ ሃሃ፣ እስሩን ተወው ወንድሜ። «ማዘዣ»ን ግን ያዛት። የሐኪም ማዘዣ መድኃኒት እንዳልሆነ ሁሉ ይሄም ወረቀት መሬት አይደለም። ወታደሩ ገና ቦታ መምረጥ፣ ማስለካት፣ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። መጨረሻ ላይ የሚያገኘው የባለቤትነት ሰነድ «ፓተንት» ይባላል። እሱን ደግሞ «የፈጠራ መብት» እንዳትለው አደራ!

ጣጣው «ባውንቲ» ላይ ነው። ችሮታ ካልከው መንግሥት ከድል በኋላ ደስ ብሎት የሰጠው ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1776 ኮንግረሱ (የአሜሪካኖቹ ምክር ቤት) ጦር ማደራጀት ነበረበት፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ጦርነቱ እስኪያልቅ ለሚያገለግል ተራ ወታደር 100 ኤከር፣ ለሻምበል 300፣ ለኮሎኔል 500 ቃል ገባ። ከዚያ በፊት በነሐሴ ደግሞ የእንግሊዝን ጦር ከድተው ለሚመጡ የጀርመን ቅጥረኞች 50 ኤከር ብሎ ነበር። የምልመላ ማማለያ ነው እንጂ ምርቃት አይደለም። እኔ ብሆን «የዘማች መሬት ማዘዣ» እለው ነበር።

ማደሪያ አይሆንም። ማደሪያ የደሞዝ ምትክ ነው፤ ሰውየው እስካገለገለ ይበላበታል። የአሜሪካው ከአገልግሎት በኋላ የሚመጣ፣ ለወራሽም የሚተላለፍ ነው።

ሌላ አባል፦ «ርስት» ብንለውስ? ደግሞ 100 ኤከር ወደ 40 ሄክታር ነው፤ በእኛ አንድ ጋሻ ገደማ። «ለተራ ወታደር አንድ ጋሻ» ቢባል ጆሮ ላይ ያምራል።

መልስ፦ ያምራል፤ በግርጌ ማስታወሻ አስገባው። ርስት ግን ከአባት ከአያት የሚወርድ፣ ዘር የሚቆጠርበት ነው። ይሄ ወረቀት ብዙ ጊዜ ልጅ ጋ ሳይደርስ ተሸጧል። ቨርጂኒያ በበኩሏ ለወታደሮቿ የሰጠችውን መሬት አስበው፤ ብዙው በሳዮቶና በሊትል ማያሚ ወንዞች መካከል፣ ኦሃዮ ውስጥ ነበር። ተራራ አቋርጦ የሚኬድበት ስንቅ ለሌለው ገበሬ «ላም አለኝ በሰማይ» ማለት ነው። ደላላው ወረቀቱን በርካሽ ይገዛና አየር በአየር ይቸበችበዋል። ኋላ ላይ፣ በ1852፣ ሕጉ ራሱ ማዘዣውን ለሌላ ማዛወርን ፈቀደ።

ሌላ አባል፦ «ባዶ መሬት» የሚል ካለበትም ተጠንቀቅ። ኒውዮርክ ለወታደሮቿ የሸነሸነችው የካዩጋና የኦኖንዳጋ ነባር ሕዝቦች አገር ነው። ቀበሌዎቹን በጥንት የግሪክና የሮም ጸሐፊዎች ስም ሆሜር፣ ኦቪድ፣ ሲሴሮ እያሉ ሰየሟቸው። ግሪክና ሮም እዚያ ምን እንደሚሠሩ እንጃ!

ጥያቄ፦ ተባረኩ። አንድ ቀረችኝ። ሜክሲኮን ለወጉ የአሜሪካ ዘማቾች በወጣው የ1847ቱ ሕግ ላይ «ስክሪፕ» የሚል አለ።

መልስ፦ መሬት ላልፈለገ የቀረበ አማራጭ ነው። ወታደሩ ወይ 160 ኤከር፣ ወይ ወለድ ያለው የ100 ዶላር የግምጃ ቤት ሰነድ ይመርጣል። «የግምጃ ቤት ሰነድ» በለው፤ ጥሬ ገንዘብ ስላልሆነ «ብር» እንዳትለው።