ማስተርስ፣ ዲፕሎማ ወይስ ፈረንሳይኛ? ለካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚያዋጣው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 32 ነው፤ አላገባሁም። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከካናዳ ውጭ ደግሞ የአራት ዓመት የሥራ ልምድ አለኝ። የአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቴ ሲኤልቢ በሚባለው የካናዳ የቋንቋ ደረጃ መለኪያ በአራቱም ክፍል 8 ነው። ኤክስፕረስ ኢንትሪ የካናዳ ቋሚ ነዋሪነት አመልካቾችን በነጥብ እያወዳደረ ስለሚመርጥ፣ ነጥቤን ለማሳደግ የሁለት ዓመት ማስተርስ ልጀምር አስቤአለሁ። ያዋጣኛል? የትምህርት ማስረጃዬንስ የትኛው ድርጅት ቢገመግምልኝ ይሻላል?

መልስ፦ የመመዝገቢያውን ገንዘብ ለጊዜው ይያዙት። አሁን ባሉበት ሁኔታ ማስተርሱ የሚያስገኝልዎት 27 ነጥብ ነው፤ የትምህርት ነጥብዎ ከ120 ወደ 135፣ ትምህርትና ቋንቋ ተጣምረው የሚሰጡት ደግሞ ከ13 ወደ 25 ይወጣል። ሲመረቁ ግን 34 ዓመት ሞልቶዎታል፤ የዕድሜ ነጥብዎ ከ94 ወደ 83 ወርዷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ተምረው በእጅዎ የሚቀረው 16 ነው።

ፈተናውን ደግመው ሲኤልቢ 9 ቢደርሱስ? በአይኤልትስ ማዳመጥ 8፣ በቀሩት ሦስቱ 7 ማምጣት ነው፤ ለሲኤልቢ 8 ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ ውጤት በየክፍሉ የሚበልጠው በግማሽ ብቻ ነው። ቋንቋው ራሱ 32፣ ከትምህርት ጋር ተጣምሮ 12፣ ከሥራ ልምድዎ ጋር ተጣምሮ 25 ይጨምርልዎታል፤ በድምሩ 69። ከካናዳ ውጭ የተገኘ ዶክትሬት እንኳ ይህን ያህል አይሰጥም። ፈታኝ ፊት ለፊት ተቀምጦ መናገር የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ሴልፒፕ ጄኔራል የተባለውን ሌላ የእንግሊዝኛ ፈተና እመክራለሁ፤ ንግግሩም ለኮምፒውተር ነው። አይኤልትስን ከመረጡ ጄኔራል ትሬኒንግ የተባለውን ይፈተኑ፤ አካዳሚኩ አያገለግልም።

ሲኤልቢ 9 ከያዙ ወዲያ የትምህርት ዋጋ ያድጋል። ማስተርሱ 40፣ በዲግሪዎ ላይ የሚታከል የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ደግሞ 33 ይሰጣል። ዕድሜ የሚበላውን ሲቀንሱ 29 እና 27 ይሆናሉ። ለሁለት ነጥብ አንድ ዓመት ተጨማሪ ክፍያና ድካም አይታየኝም። በአንድ ዓመት የሚያልቅ ማስተርስ ካገኙ ግን እሱን ያስቀድሙ። የጥቂት ሳምንታት የሥልጠና ሰርተፊኬት ቢደራረብ ምንም አይቆጠርም፤ ዲፕሎማው ቢያንስ የአንድ ዓመት ትምህርት መሆኑን ገምጋሚው ማረጋገጥ አለበት። በማስተርስ የሚያመለክት ሰው ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ማስረጃ ብቻ ያስገመግማል፤ በሁለት ማስረጃ ነጥብ የሚጠይቅ ግን ሁለቱንም።

ከገምጋሚዎቹ የብዙ ሰው ምርጫ በአጭሩ ዌስ የሚባለው ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ የአልበርታ መንግሥትና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የግምገማ ክፍሎችም እኩል ተቀባይነት አላቸው። እኔ ከስማቸው ይልቅ የምመለከተው የተማሩበት ተቋም ትራንስክሪፕቱን እነርሱ በሚጠይቁት መንገድ በቀጥታ መላክ መቻሉን ነው፤ ግምገማ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነውና። ሪፖርቱ የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ስለሆነ ከወዲሁ ቢያሠሩት አይጎዱም። የቋንቋ ውጤት ግን በሁለት ዓመት ያልፍበታል።

ሌላ መልስ፦ በስሌቱ እስማማለሁ፤ ፈረንሳይኛ መዘለሉ ግን ገርሞኛል። ጠያቂው ሲኤልቢ 9 ቢያመጣ ነጥቡ 413 ይሆናል። ቴፍ ካናዳ ወይም ቲሲኤፍ ካናዳ በሚባሉት የፈረንሳይኛ ፈተናዎች በአራቱም ክፍል ደረጃ 7 ቢደርስ 62 ይጨምርና 475 ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ለብቻ የሚወጣው የማመልከቻ ጥሪ አለ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ለመጠራት የሚያበቃው ዝቅተኛ ነጥብ እስከ 379 ወርዶ ነበር። በዚያው ወር ለቅጥር ስምምነት ይሰጥ የነበረው ነጥብ ስለተሰረዘ አቋራጭ የሚባለው መንገድ ጠቧል።

የመጀመሪያው መላሽ፦ እውነት ነው፤ ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ግን ያ ደረጃ ከማስተርስ አይቀልም። መሠረቱ ላለው ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። ማስተርስን አጥብቄ የምመክረው ካናዳ ውስጥ ለሚማር ነው፤ ለብቻው 30 ነጥብ ይታከልለታል፣ ግምገማም አያስፈልገውም። ወጪው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ዌስ ይሆነኛል?

መልስ፦ በፋርማሲስትነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ የሚያመለክቱ ከሆነ አይሆንዎትም። ግምገማው ከካናዳ የፋርማሲ ፈተና ቦርድ መምጣት አለበት። ሐኪሞችም እንደዚሁ ወደ ካናዳ የሕክምና ምክር ቤት ነው የሚሄዱት። ለዌስ ከመክፈልዎ በፊት የሚያመለክቱበትን የሥራ ዘርፍ ኮድ ያረጋግጡ።