ጃዝ በትኬት ወይስ በሽልማት?

የፒያሳው፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው የግሩፓችን ክርክር ከቅዳሜው ጉዳይ የመጣ ነው። ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ አራት የከተማችን ልጆች ጃዝ ተጫወቱ። ሁሉም የራሳቸው ድርሰት ነው፤ የሰው ዘፈን አልነኩም። መግቢያው 150 ብር ነበር። ብዙ ሰው ዋጋውን እየሰማ ከበር ተመለሰ። የገባነው ሃያ አንሞላም። ሒሳብ ሲሠራ ከስፒከር ኪራይ የተረፈው የባጃጅ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች በምን ይኑሩ? በትኬት? በሽልማት? በኢንተርኔት?

የአዘዞው፦ ከተመለሱት አንዱ እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ሰምቼው የማላውቀውን ነገር በ150 ብር ልግዛ እንዴ? አዝማሪ ቤት ስገባ በር ላይ የሚይዘኝ የለም። እቀመጣለሁ፣ እሰማለሁ፣ ደስ ካለኝ ግንባሩ ላይ እለጥፋለሁ። ካላሰኘኝ ቢራዬን ጨርሼ ውልቅ። ጎንደሬ ለሙዚቃ ሲከፍል የኖረው እንዲህ ነው። ልጆቹም ይሞክሩት።

ኪቦርዲስቱ፦ ወንድምዓለም፣ ከአራቱ አንዱ ነኝ። አዝማሪው እኮ ስምህን እየጠራ ያወድስሃል። ግጥም ትሰጠዋለህ፣ ይቀበልሃል። ሳክስፎን ስምህን አይጠራም! ሽልማት ምን እንደሚያደርግ ላጫውትህ። አንድ ሆቴል ውስጥ ስሠራ አንድ ሰውዬ 200 ብር ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠና የሰርግ ዘፈን አዘዘ። ተጫወትኩለት። ጓደኛው ደግሞ ሌላ አዘዘ። ከዚያ ሦስተኛው። ሌሊቱን ሙሉ የራሴን አንድ ዜማ ሳልነካ ወጣሁ።

የአዘዞው፦ ብሩስ?

ኪቦርዲስቱ፦ ብሩ ጥሩ ነበር። አልዋሽም።

የአዘዞው፦ በቃ!

የማሲንቆ ልጅ፦ ቆይ ቆይ። እኔ አዝማሪ ቤት ነው ያደግሁት። ዘመዶቼ የአዝማሪዎቹ መንደር ቡርቧክስ ናቸው። ሽልማት የምትሉት ነገር ከዳር ሲያዩት ነው የሚያምረው። ዝናብ በጣለበት ማታ አባቴ ባዶ ኪሱን ይገባ ነበር። የሰከረ ሰው ሲሰድበው ደግሞ ስቆ፣ ስድቡን በቅኔ መልሶ፣ መጫወቱን ይቀጥላል። ችሎታ ነው፤ ግን ኑሮ አይባልም። ስለዚህ እኔ ከትኬቱ ጋር ነኝ።

ሌላው፣ አዝማሪን እና ጃዝን ባላንጣ አታድርጓቸው። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የመሠረተው በቅኝቶቻችን ላይ ነው። አዝማሪዋ እቴነሽ ዋሴም ከፈረንሳይ የጃዝ ልጆች ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. አልበም አውጥታለች። አንቺሆዬ ቅኝትን ማሲንቆ ላይ የሰማ ጆሮ ሳክስፎን ላይ ቢሰማው አይጠፋበትም።

መምህርት፦ «ጃዝ የፈረንጅ ነው» የሚል ይመጣል ብዬ ስጠብቅ መልሱ ቀድሞ መጣ። ጎበዝ።

ባለ ዩቲዩቡ፦ እናንተ ስለ በር ታወራላችሁ፤ ዓለም እኮ ስልክ ውስጥ ነው። ሙዚቃቸውን ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ይጫኑት። ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ነው የሚቆርጠው። አንድ ቶኪዮ ያለ ሰው አልበሙን ቢገዛ ከቅዳሜው በር ይሻላል።

ኪቦርዲስቱ፦ ሞክረነዋል። ክፍያው በፔይፓል ነው፤ እሱ እዚህ ስለማይሆንልን ገንዘቡን የተቀበልነው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ነው። እሱም ሲመቸው ይልካል። የሙዚቃ ማዳመጫው ስፖቲፋይማ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ዘፈን በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ለቅጂው አይከፍልም። ደግሞ እዚህ አገር ኢንተርኔት ለወራት ጥፍት ብሎ አይተን የለም እንዴ?

መምህርት፦ ስለ ኢንተርኔት ካነሳችሁ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ልጨምር። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮን እና ኪቦርድ ይዞ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን አንድ ያገኘውን በኢንተርኔት ብሎጉ የሚያሰማ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ የት አገኘው? ባሕር ዳር! እዚሁ አፍንጫችን ሥር። በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ፤ ሰውየውም ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ።

ባለ ዩቲዩቡ፦ አየሽ? ኢንተርኔት ነው ያነሳው።

መምህርት፦ እኔ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ካሴቱ 28 ዓመት ሙሉ ነበረ። ስንቶቻችን በካሴት ሱቅ በር አልፈናል? ከፋይ ከመፈለጋችን በፊት ሰሚ ያስፈልጋል። እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ዘዴ ቀላል ነው። የምትወዱት ዘፈን ላይ ፒያኖውን ማን እንደተጫወተ እዩ፤ ጊታሩንም እንደዚያው። ከዚያ የዚያን ሰው የራሱን ሥራ ፈልጉ። ፒያኒስቱን ሳሙኤል ይርጋን እና ጊታሪስቱን ግሩም መዝሙርን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ለአራቱ ልጆችም ቢሆን ይሠራል፤ የከተማችን ሰርግ ላይ አጅበው የሚጫወቱት እነሱ ናቸው እኮ።

የአዘዞው፦ እውነት? የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ያ ረጅሙ አንተ ነህ?

ኪቦርዲስቱ፦ እኔ ነኝ።

የአዘዞው፦ ኧረ በናትህ! ያኔ ጨፍሬልሃለሁ። ለምን አልተናገርክም?

የማሲንቆ ልጅ፦ 😂

ባለ ካፌው፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የቅዳሜው ካፌ የኔ ነው። ጥፋቱ ከኔም አለበት፤ 150 ብር ያልኩት ስፒከሩን ተከራይቼ ስለደነገጥኩ ነው። አሁን ያሰብኩትን ልናገር። በሩ ነፃ ይሁን። ቡናው ላይ 20 ብር እጨምራለሁ፤ ጭማሪው በሙሉ የልጆቹ ነው። የቴሌብር ቁጥራቸውን በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ሽልማት የሚወድ እዚያ ይሸልም። አንድ ሕግ ብቻ፦ ዘፈን ማዘዝ የለም። ማታም አይሆንም፤ ሰው ሳይመሽበት ቤቱ ይግባ። ቀን ነው።

የፒያሳው፦ እኔ አሁንም ትኬት ይሻላል ባይ ነኝ። ሃያ ሰው ከፍሎ ሲሰማ ስልኩን አያይም፤ ቅዳሜ አንድ ሰው እንኳ አላወራም። በነፃ የገባ ሰው ሶሎው መሀል ማኪያቶ ያዛል። ግን ባለቤቱ ካለ ይሞከር።

የማሲንቆ ልጅ፦ ሁለተኛው ዜማቸው አንቺሆዬ ነው አላችሁኝ። ማሲንቆዬን ይዤ ብመጣስ?

ኪቦርዲስቱ፦ አንተ ብቻ ና!

የአዘዞው፦ ስንት ሰዓት ነው?

ባለ ካፌው፦ ዘጠኝ።

የአዘዞው፦ የእውነት ዘጠኝ ወይስ የሙዚቀኛ ዘጠኝ?