ልጄን ከስኳራም ሲሪያል እንዴት ላላቅቀው?

እባካችሁ እናቶች፣ ምከሩኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ6 ዓመት ልጄ ጠዋት ከባለቀለሙ ሲሪያል ሌላ አፉ አያስገባም። ካርቶኑ ላይ ለአንድ ጊዜ ምግብ 12 ግራም የተጨመረ ስኳር ይላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለልጆች የሚመክረው በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። ቁርስ ብቻውን ግማሹን ጨረሰው ማለት ነው!

ስኳር ከሌለው ጋር ቀላቅዬ ሰጠሁት። ባለቀለሙን አንድ በአንድ በጣቱ ለቅሞ በላ፤ ሌላው ወተቱ ውስጥ ሟሟ። ቂንጬ በቅቤ ስሠራለት "ይጣበቃል" ብሎ ገፋው። የአጃ ገንፎ በሙዝ ግን ቀምሷል፤ ተስፋዬ እሱ ላይ ነው። ግን ጠዋት ጊዜ የለኝም፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አይጠብቅም። አጃውን ማታ ሠርቼ ባሳድረው ይደርቅብኝ ይሆን? ቂንጬውስ ሳይጣበቅ እንዲወጣ ውሃውን ስንት በስንት ታደርጋላችሁ? ሲሪያሉንስ በአንዴ ላቁምበት ወይስ ቀስ በቀስ? የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ።