በማሽን የሰው ሣር ሳጭድ በጥማድ ላስከፍል ወይስ በሰዓት?

የጫጫው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ፣ ጫጫ አጠገብ የሒሳብ መምህር ነኝ። ፈረቃዬ የጠዋት ስለሆነ ከምሳ በኋላ ነፃ ነኝ። አምና መስከረም ላይ በትከሻ የሚነገት የሣር ማጨጃ ማሽን በ24,000 ብር ገዛሁ። ሐሳቤ ለሁለቱ ላሞቼ ድርቆሽ ማዘጋጀት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የሞተሩን ድምፅ የሰማ ጎረቤት ሁሉ «የእኔንም» እያለ መጣ። በጥማድ 1,000 ብር ብዬ ጀመርኩ። ቁጥሩን ከየት አመጣኸው ብትሉኝ መልስ የለኝም፤ ሲጠይቁኝ ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ተማሪ እንዲህ ቢመልስልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

ኅዳር ላይ ደብተሬን ገለጥኩ። 14 ጥማድ አጭጄ 14,000 ብር ተቀብያለሁ። የሠራሁት 62 ሰዓት ነው። ቤንዚን 50 ሊትር ገደማ ሄዷል፤ ማደያ በጀሪካን ስለማይቀዳልኝ ከቸርቻሪ ሊትሩን በ180 ብር ነበር የምገዛው፤ 9,000 ብር በሉት። ለ25 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት ይደባለቃል፤ እሱ 1,200 ብር። ሁለት ምላጭ 1,400 ብር። የቀረኝ 2,400 ብር ነው፤ በሰዓት 39 ብር እንኳ አይሞላም። የማሽኑን እርጅና ገና አላሰብኩም። በማጭድ የሚያጭደው የቀን ሠራተኛ 500 ብርና ምሳ እያገኘ እኔ ሞተር ተሸክሜ ከእሱ አንሼ ተገኘሁ።

ኪሳራው የመጣው ከሁለት ማሳዎች ይመስለኛል። አንዱ ባለቤት «ሁለት ጥማድ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ብንል 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው፤ በማግሥቱ በእርምጃ ስለካው ወደ ሦስት ተጠጋ። ሌላው የእትዬ ማሳ ነው፤ ዕድሜያቸው የእናቴ ነው። ሣሩ ውስጥ የፈረሰ ካብ ተሸሽጎ ኖሮ ምላጬ ተሰበረ፤ የፈናጠረው ድንጋይ ቡት ጫማ ባላደርግ ኖሮ እግሬን ይሰብረው ነበር። ስጨርስ ደግሞ እትዬ «ክምሩስ?» አሉኝ። ለካ እሳቸው ማጨድ ሲሉ መሰብሰብና መከመርም ማለታቸው ነው። አፍሬ ከመርኩላቸው።

ዘንድሮ እንዴት ልጠይቅ? በጥማድ፣ በሰዓት ወይስ ከድርቆሹ ሲሶ ልውሰድ?

ባለ ማጭድ፦

መምህር፣ ዋጋዎን የሚወስነው ማጭድ ነው። ጥሩ ሣር የያዘ አንድ ጥማድ የአራት ሰው የቀን ሥራ ነው። አራት ጊዜ 500 ብር 2,000 ብር ሆነ፤ ምሳና ጠላ ሲጨመርበት ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ 1,000 ብር ማለትዎ ለባለቤቱ ስጦታ ነበር። ከ2,000 በታች እስከሆኑ ድረስ ሰው ይጠራዎታል። በላይ ከሆኑ ግን ደቦ ይጠራል፤ በደቦ የሚያሳጭድ ሰው የሚያወጣው እህልና ጌሾ እንጂ ጥሬ ብር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ጥቅምት 30 ቀን ነው ብለው አይቁጠሩ። እሑዶቹን፣ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን ያውጡ። በበዓል ቀን ያንን ሞተር ቢያስነሱ በሚቀጥለው ዓመት የሚጠራዎት አይኖርም። ቀኑ ጥቂት ከሆነ ቀኑ መወደድ አለበት።

የላሞች እናት፦

ልጄ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ወተት እሸጣለሁ፤ የምናገረው እንደ ከፋይ ነው። በሰዓት የሚባለውን አልወድም። ሞተሩ እንቢ ብሎ ገመዱን ስትጎትት የምትውልበትንም እኔ ልከፍል ነው? በጥማድ ንገረኝና ልስማማ ወይም ልተው።

ይልቅ ብር የምጨምርልህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ሣሩ ግማሹ ሲያብብ፣ ከሣሩ ጋር የሚበቅለው ማገት ገና ለምለም ሳለ ከመጣህልኝ እጨምራለሁ። ሁለት ሳምንት ከዘገየህ እንጨት ነው የምታጭድልኝ፤ ላሚቱ ታላምጠዋለች እንጂ ወተት አይሆናትም። ዝቅ አድርገህ ከቆረጥክም እጨምራለሁ፤ ማሽን የያዙ ሰዎች ድንጋይ እየፈሩ አንድ ስንዝር ቁመት ሜዳው ላይ ይተዋሉ፤ ያ የእኔ መኖ ነው። የታጨደውንም በአንድ ወገን አስተኛው፤ እንደ ዶሮ ጭረት ከተበተነ ለሰብሳቢ እንደገና እከፍላለሁ።

ሲሶውን ከሁሉም ሰው አትቀበል። በአጨዳ ወቅት ድርቆሽ ርካሽ ነው፤ ማጓጓዣውም የአንተ ነው። ለሁለት ላሞችህ የሚበቃውን ቤትህ አጠገብ ካለ አንድ ማሳ ውሰድ፤ ከሌላው ብር ተቀበል። ነገር ግን ደረቅ ጎተራ ካለህ ከሌላውም ሲሶውን ተቀብለህ ያዘው፤ ክረምት ሲገባ ራሴ በውድ ከአንተ እገዛዋለሁ።

ከቨርጂኒያ፦

ሰላም መምህር። እኔ የማጭደው በትንሽ ትራክተር ነው፤ ሥራዬ ሹፌርነት ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ሜዳ አጭዳለሁ። በኤከር ነው የምንነጋገረው፤ አንድ ኤከር ከአንድ ጥማድ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። እንደ እርስዎ የተሰበረ ምላጭ ካስተማረኝ በኋላ ሜዳውን በእግሬ ሳልዞር ዋጋ አልናገርም። ድንጋይ፣ የአጥር ሽቦ፣ ጉድጓድ ባየሁበት ሁሉ እንጨት ተክዬ ጨርቅ አስራለሁ። ለዓመታት ያልታጨደ ሜዳ ከሆነ የመጀመሪያውን ጊዜ በሰዓት አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኤከር ይመለሳል። ደግሞ ሜዳው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከዚህ በታች አልመጣም የምለው መነሻ ዋጋ አለኝ፤ ትራክተር ጭኖ መሄድ ራሱ ወጪ ነው።

ባለ መሬቱ ምን እንደሚያገኝም ይወቁ። እዚህ አካባቢ 5 ኤከርና ከዚያ በላይ መሬት ለእርሻ ከዋለ የመሬት ግብሩ የሚቀልባቸው አውራጃዎች አሉ። ስለዚህ አንዳንዱ ባለቤት «አጭደህ ድርቆሹን ውሰድ» ይለኛል፤ ለእሱ ትርፉ መታጨዱ ነው።

የጫጫው መምህር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ እንደገና አሰላሁት። ንጹሕ ጥማድ በአራት ሰዓት ያልቃል። ቤንዚንና ዘይት 650 ብር፣ ለምላጭ 100 ብር። ማሽኑ 300 ሰዓት ቢያገለግለኝ በሰዓት 80 ብር ያረጃል፤ እሱ 320 ብር። ድምሩ 1,070 ብር ነው። አምና 1,000 ብር ስቀበል ለእያንዳንዱ ጥማድ 70 ብር ከኪሴ እየጨመርኩ ነበር ማለት ነው!

ዘንድሮ በእርምጃ ለክቼ በጥማድ 1,600 ብር እላለሁ፤ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቼ የቀን ሠራተኛውን 500 ብር አገኛለሁ። የላሞች እናት ይቅር ይበሉኝና ድንጋያማ ማሳ በሰዓት 400 ብር ነው፤ ገመድ የምጎትትበትን አልቆጥርም። መሰብሰብና መከመር ለብቻው ነው፤ ከመጀመሬ በፊት በግልጽ እናገራለሁ።

የእትዬን ዋጋ መጨመር አልሆነልኝም፤ በ1,000 ብር ይቆይ። ካቡን ግን ልጆቻቸው ከመስቀል በፊት እንዲያነሡልኝ ትናንት ነግሬአቸዋለሁ።